ማጣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት፦ የመጠጥ ውሃን ከሮቶ እስከ ብርጭቆ የማጽዳት ዝርዝር መመሪያ

ማጣሪያ ገዝተውም ልጆቻቸው በየወሩ ጃርዲያ የሚይዛቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ማጣሪያው ብዙ ጊዜ ጥፋት የለበትም። ከላይ ያለው ሮቶ ከተተከለ ጀምሮ ታጥቦ አያውቅም። ጎሚኒው፣ ውሃ እንዳያሾልክ የሚገባው የጎማ ቀለበት፣ አልጠበቀም። የተጣራው ውሃ ደግሞ ውስጡ በሚያሟልጭ ጀሪካን ይገለበጣል። ገንዘቡ ወጥቶ ሕመሙ ቤት ውስጥ ይቀራል።

ይህ መመሪያ ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ፣ በሮቶ ወይም በጀሪካን ለሚያጠራቅም የአዲስ አበባም ሆነ የሌላ ከተማ ቤት ነው። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። ብዙ ሰው ከ5ኛው ደረጃ ይጀምርና ነው የሚከሽፍበት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሽታና ቀለም ያልተጨመረበት፣ ሳሙና የሌለበት ተራ በረኪና። መለያው ላይ 5 በመቶ አካባቢ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የሚል ይሁን። መጠኑ ያልተጻፈበትን ለመጠጥ ውሃ አትጠቀሙ።
- መርፌው የወጣለት አዲስ ስሪንጅ፣ 5 ሚሊ ሊትር የሚይዝ። በጠርሙስ ክዳን እየገመቱ መጨመር ይቅር።
- እጀታው ረጅም የሆነ ብሩሽ፣ ስፖንጅ፣ የጎማ ጓንት።
- ቧንቧ የተገጠመለት፣ ክዳን ያለው የመጠጥ ውሃ ዕቃ።

በረኪና በፀሐይና በጊዜ ብዛት ይደክማል። ሱቅ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመውን አትግዙ። ቤትም ውስጥ ጨለማ ቦታ፣ ልጅ በማይደርስበት አስቀምጡት። የበረኪና ውሃ በለስላሳ ጠርሙስ ገልብጦ ማስቀመጥ ደግሞ ጨርሶ አይደረግም።

ደረጃ 1፦ የውሃችሁን ችግር ለዩ

ውስጡ በሚያሳይ ብርጭቆ ውሃ ሙሉና ብርሃን ላይ ያዙት።

ውሃው ወተት መስሎ ወርዶ ከታች ወደ ላይ እየጠራ ከሄደ አየር ነው፤ አትጨነቁ። ቡናማ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ የቧንቧ ዝገት ወይም መስመሩ ከተቋረጠ በኋላ የተነሳ ዝቃጭ ነው። ማፍያው ውስጥ ነጭ ድንጋይ የሚያስቀር ውሃ፣ የአቃቂ ጉድጓዶች ውሃ እንደሚያደርገው፣ ካልሲየም ስለበዛበት ነው። ዕቃ ያበላሻል እንጂ ሰው አያሳምምም። የክሎሪን ሽታ ካለው ደግሞ መልካም ዜና ነው፣ መከላከያው እናንተ ጋ ደርሷል ማለት ነው።

ከባዱ በብርጭቆ የማይታየው ነው። ጥርት ያለ ውሃ ታይፎይድ፣ ጃርዲያ ወይም የአተት ተህዋስ ሊይዝ ይችላል። በፈረቃ የሚመጣ ውሃ ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። መስመሩ ባዶ ሲሆን ግፊቱ ይወርድና በተሰነጠቀው በኩል የፍሳሽ ቦይ ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል። ከመስመር ላይ በቀጥታ በሞተር የሚስብ ጎረቤት ካለ ይብሳል። ለራሱ ውሃ ያገኘ መስሎት ለሰፈሩ ቆሻሻ ይስባል።

ሁለት ነገሮች ግን ከዚህ በታች ባሉት ደረጃዎች አይፈቱም።

ፍሎራይድ። በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂ፣ በመቂ፣ በባቱና በአካባቢያቸው ካሉ ጉድጓዶች ብዙዎቹ ከዓለም ጤና ድርጅት መጠን፣ ማለትም በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም በላይ ፍሎራይድ አላቸው። የልጆቹ ጥርስ ቡናማ እየሆነ የሚያድግበት ሰፈር ከሆነ ይህን ጠርጥሩ። ማፍላት አይረዳም። እንዲያውም ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ይጠነክራል። የሸክላ ማጣሪያም አያስቀረውም። የተቃጠለ አጥንት ከሰል ያለው ማጣሪያ፣ ሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃን በግፊት በረቂቅ ስስ ሽፋን አሳልፎ የሚያጣራ መሣሪያ) ወይም በንጹህ ጣሪያ የተሰበሰበ የዝናብ ውሃ ያስፈልጋል።

ናይትሬት (ከሽንትና ከሰገራ ወደ ውሃ የሚሰርግ ኬሚካል)። ግቢያችሁ ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ ከመጸዳጃ ጉድጓድ አጠገብ ከሆነ ውሃውን ሳታስመረምሩ ለሕፃን ወተት አትበጥብጡበት። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን አደገኛ ነው፤ ይህም በማፍላት አይወገድም።

ደረጃ 2፦ ሮቶውን እጠቡ

ሥራው ግማሽ ቀን ይፈጃል። ማንም አይወደውም። ግን ይህን ሳታደርጉ ውድ ማጣሪያ ብትገዙ ሻማው፣ ማለትም ውሃውን የሚያጣራው የሸክላ ክፍል፣ በሳምንቱ ይደፈናል።

ቀን ምረጡ። ከሚቀጥለው ፈረቃ አንድ ቀን በፊት ይሁን። ያለውን ውሃ ለልብስና ለወለል ተጠቀሙበትና ሮቶው ከታች አንድ ስንዝር ያህል ሲቀረው ጀምሩ። ለዕለቱ የሚበቃ ውሃ በጀሪካን ለይታችሁ አስቀምጡ።

1. ሞተር ካለ ከሶኬቱ ንቀሉት። ወደ ሮቶው የሚገባውንም ወደ ቤት የሚወርደውንም ቧንቧ ዝጉ።
2. ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት የላዩን አቧራና ቅጠል ጥረጉ። አለበለዚያ ሁሉም ወደ ውስጥ ይገባል።
3. በቀረው ውሃ ግድግዳውንና ጥጎቹን በብሩሽ ፈግፍጉ። ሳሙናና ኦሞ አታስገቡ። አረፋውን ለማስለቀቅ ያላችሁ ውሃ አይበቃም፤ ጣዕሙም ለቀናት አይለቅም።
4. ዝቃጩን በታችኛው ማፍሰሻ አስወጡ። ማፍሰሻ ከሌለው በጆግ ቅዱትና የቀረውን በስፖንጅ እየመጠጣችሁ አውጡት።
5. በ10 ሊትር ውሃ 40 ሚሊ ሊትር በረኪና በጥብጡ። ጓንት አድርጉ። በዚህ ውሃ ግድግዳውን፣ ወለሉን፣ የክዳኑን የውስጥ ገጽ ሁሉ በስፖንጅ አርሱት። ከ30 ደቂቃ በላይ እርጥብ ሆኖ ይቆይ። መድረቅ ከጀመረ ድገሙት።
6. የተረፈውን የበረኪና ውሃ ወደ ቤት በሚወርደው መስመር ልቀቁት። እያንዳንዱን ቧንቧ ክፈቱ፤ ሽታው ሲመጣ ዝጉት። ግማሽ ሰዓት መስመሩ ውስጥ ይቆይ። ይህን የሚዘለው ሰው ብዙ ነው። ሮቶው ንጹህ ሆኖ የቤቱ ቧንቧ እንደቆሸሸ ይቀራል።
7. ውሃ ሲመጣ ጥቂት ሙሉና አለቅልቃችሁ በሁሉም ቧንቧ አስወጡት። ከዚያ ሙሉት።

ማስጠንቀቂያዎች። በረኪናን ከኮምጣጤ፣ ከሎሚ ወይም ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር በፍጹም አታገናኙ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ጣሪያ ላይ ብቻችሁን አትሥሩ። የምድር ታንከር ከሆነ ደግሞ ከታች አየር ሊያጥር ይችላልና ላይ ሆኖ የሚጠብቅ ሰው ሳይኖር ማንም አይግባ። ሰው ወድቆ ካያችሁም ዘላችሁ አትግቡ፤ ርዳታ ጥሩ። እንዲህ ያለውን ታንከር ለባለሙያ መስጠት ይሻላል።

ካልተሳካስ? ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ከመለሰ ብርሃን እየገባ ነው። ክዳኑ የተሰነጠቀ ወይም የሮቶው ፕላስቲክ ስስ ይሆናል። በሸራ ሸፍኑት ወይም ጥላ ሥሩለት። ነፍሳት ካገኛችሁ የትርፍ ማስወጫውን አፍ በወንፊት እሰሩ። ፈረቃው ሳትጨርሱ ከመጣባችሁ መግቢያውን እንደዘጋችሁ በጀሪካን ቅዱ። ጭቃው ላይ ውሃ አትልቀቁበት።

በዓመት 2 ጊዜ ማጠብ ይበቃል። ቡናማ ውሃ ከገባበት ቀኑን አትጠብቁ።

ደረጃ 3፦ ጀሪካኑን አድኑ ወይም ጣሉ

የምግብ ዘይት ጀሪካን ይሆናል። የቀለም፣ የኬሚካል ወይም የነዳጅ ከነበረ የመጠጥ ውሃ አታስቀምጡበት። ታጥቦ ሽታው ቢጠፋም ኬሚካሉ ፕላስቲኩ ውስጥ ሰርጎ ይቀራል።

እጅ ስለማይገባበት እንዲህ እጠቡት። አንድ እፍኝ የታጠበ ጠጠርና 1 ሊትር ውሃ ጨምሩ። ጥቂት ላርጎ ጠብ አድርጉበት። ክዳኑን ዘግታችሁ በየጎኑ አጥብቃችሁ ናጡት። ድፉና አለቅልቁ። ከዚያ 1 ሊትር ውሃ በ4 ሚሊ ሊትር በረኪና በጥብጣችሁ ጨምሩ፤ ውስጡ ሁሉ እንዲነካ እያገላበጣችሁ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። ክዳኑንም እዚያው ውስጥ ንከሩት። የጀሪካን ክዳን መሬት ላይ ሲንከባለል ውሎ መልሶ የሚከደን ነገር ነው።

በጣታችሁ አፉን ከውስጥ ዳስሱት። አሁንም ካሟለጨ ድገሙ። ሁለቴ ታጥቦ ካልለቀቀ ለወለል ውሃ አድርጉት።

ደረጃ 4፦ አቀዳዱን አስተካክሉ

ውሃ ሲመጣ የመጀመሪያውን አትቅዱ። ለመጸዳጃና ለወለል በባልዲ ያዙት። ጥርት ብሎ መውረድ ሲጀምር ለመጠጥ ቅዱ።

ከቻላችሁ የመጠጡን ውሃ ከቆጣሪው አጠገብ ካለው፣ በሮቶ ከማያልፈው ቧንቧ ቅዱ። በሮቶ ብቻ የሚጠጣ ቤት ከሆነ ውሃው ሊያልቅ ሲል የሚወርደውን ለምግብ አትጠቀሙ። ከሥር ያረፈው ጭቃ የሚመጣው ያኔ ነው።

የደፈረሰ ከሆነ በተከደነ ባልዲ አሳድሩት። ጠዋት ሳትንጡት የላዩን ቀስ ብላችሁ ወደ ሌላ ዕቃ አዙሩ፤ የባልዲው አፍ ላይ አራት እጥፍ የሆነ ንጹህ ነጠላ አስሩበት። ይህ ጀርም አይገድልም። የሚቀጥሉት ደረጃዎች እንዲሠሩ ብቻ ነው። ሽፈራው የሚጨምሩም አሉ። ፍሬው ተፈጭቶ ሲጨመር ድፍርሱን ያረጋል፤ ውሃውን ግን ለመጠጥ አያበቃም። ከሥር የማይጠራ ድፍርስ ከሆነ ድፍርሱን የሚያረጋና ክሎሪን ያለበትን የውሃ ማከሚያ ዱቄት ተጠቀሙ፤ መለያው ላይ የተጻፈውን ሳታጎድሉ ተከተሉ።

ደረጃ 5፦ ማጣሪያውን ምረጡ፣ ግጠሙ፣ ፈትኑ

ለአብዛኛው ቤት የምመርጠው ሁለት ባልዲ ተደራርቦ መሃሉ ላይ የሸክላ ሻማ ያለበትን ነው። መብራት አይፈልግም፣ የውሃ ግፊት አይፈልግም። ሻማው እንደ ጃርዲያ ያሉ ትልልቅ ተህዋሶችንና አብዛኛውን ባክቴሪያ ያስቀራል። ቫይረስ ግን ያልፈዋል። ለዚህ ነው 6ኛው ደረጃ ያለው።

ሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ ሻጮች አርኦ የሚሉት፣ ፍሎራይድና ጨው ላለበት ውሃ ተገቢ ነው። ለሌላው ብዙ ጊዜ ብክነት ነው። የገባውን ውሃ ከፊል ወደ ፍሳሽ ይጥላል፤ ግፊት ሲጎድል አይሠራም ወይም ሞተር ይፈልጋል። ተህዋስን በጨረር የሚገድለው ማጣሪያ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ምንም አይገድልም። ከሲንክ ሥር የሚገጠሙት የከሰል ማጣሪያዎች ሽታና ክሎሪን ያስወግዳሉ። ክሎሪኑ ከወጣ በኋላ ግን ውሃው መከላከያ የለውም። ጊዜው ያለፈ ከሰል ራሱ የባክቴሪያ መራቢያ ይሆናል።

አገጣጠም

1. እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ባልዲዎቹን በበረኪና ውሃ አጥባችሁ አለቅልቁ።
2. ሻማውን በንጹህ ውሃ ብቻ እጠቡ፤ ሳሙና ጉድጓዶቹ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አሳድሩት። ደረቅ ሻማ አየር ይይዝና አያንጠባጥብም፤ ሰውም «ተበላሽቷል» ብሎ ይመልሰዋል።
3. ጎሚኒውን በሻማው እግር ላይ አስገቡ፣ እግሩን በላይኛው ባልዲ ቀዳዳ አሳልፉ። ከሥር ሌላ ጎሚኒ ካለ እሱንም አድርጉና ዳዶውን አጥብቁ። በእጅ ብቻ። ፒንሳ እግሩን ይሰነጥቀዋል።
4. የላይኛውን ባልዲ ሙሉ። የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን ሙሌት ድፉ።

ፍተሻ

ይህን ማንም አያደርገውም፣ ማጣሪያው የሚከሽፈው ግን እዚህ ነው። የላይኛውን ባልዲ ብድግ አድርጋችሁ ከሥሩ እዩ። ጠብታው ከእግሩ ቀዳዳ ብቻ መምጣት አለበት። በዳዶው ዙሪያ ከወረደ ያልተጣራ ውሃ እያለፈ ነው። ፍቱት፣ ጎሚኒው መዞሩን ወይም አሸዋ መያዙን እዩ፣ እንደገና ግጠሙ።

ከዚያ ሻማውን ራሱን ፈትኑ። ውሃ የጠገበውን ሻማ ባልዲ ውስጥ ንከሩና በእግሩ ቀዳዳ በንጹህ ስሪንጅ አየር ግፉበት። ከአንድ ነጥብ ብቻ አረፋ ተከታትሎ ከወጣ ተሰንጥቋል። ስንጥቅ በሙጫ አይጠገንም፤ ጣሉት። ከእጅ የወደቀ ሻማም ሳይፈተን ወደ ባልዲው አይመለስ።

ሲበላሽ

ፍጥነቱ ከቀነሰ ሻማውን ፍቱ። በለስላሳ ብሩሽ በሚፈስ ውሃ ሥር ፈግፍጉት። እግሩ ወደ ታች እንዲሆን ያዙት፤ ቆሻሻ ውሃ ወደ ቀዳዳው እንዳይገባ በጣታችሁ ዝጉት። እያሻችሁት ሲሳሳ ከሻማው ጋር የተሰጠውን መለኪያ ተመልከቱና ቀይሩ። አታፍሉት፤ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ፍጥነቱ በድንገት ከጨመረ ደስ አይበላችሁ። ስንጥቅ ነው። ውሃውን አትጠጡ፣ ፍተሻውን ድገሙ።

ልጆች ባልዲውን እስከ አፉ ሞልተው ውሃው በውጭ በኩል ተንሸራቶ ወደ ታችኛው ከወረደ የታችኛውን ሙሉ በሙሉ ድፉና እጠቡ። የላይኛው ባልዲ ላይ በማርከር የመሙያ መስመር አስምሩ።

ደረጃ 6፦ የቀረውን ግደሉ

ሁለት መንገድ አለ። አንዱን ምረጡ።

ማፍላት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ ከተንፎለፎለ በኋላ 3 ደቂቃ ያህል ይቆይ። በኤሌክትሪክ ማፍያ ከሆነ ሲጠፋ አንድ ጊዜ ድገሙት። በፈላበት ዕቃ ውስጥ ተከድኖ ይቀዝቅዝ። ለማቀዝቀዝ ብሎ ጥሬ ውሃ የሚቀላቅል አለ፤ ያኔ ማፍላቱ በከንቱ ቀረ። ጣዕሙ ከደበራችሁ ከንጹህ ጆግ ወደ ንጹህ ጆግ እየገለበጣችሁ አናፍሱት።

ክሎሪን። ከሻማው በኋላ፣ በታችኛው ባልዲ ውስጥ ነው የሚጨመረው። አስቀድሞ ከተጨመረና ሻማው ውስጥ ከሰል ካለ ከሰሉ ይበላዋል። ለውሃ የተዘጋጀውን እንደ ውሃ አጋር ያለውን ካገኛችሁ በመለያው መጠን ተጠቀሙ። ካልሆነ 5 በመቶ የሆነውን በረኪና እንዲህ ለኩ፦

- 20 ሊትር ጥርት ያለ ውሃ፦ 1 ሚሊ ሊትር
- 10 ሊትር፦ ግማሽ ሚሊ ሊትር
- ሻማ የሌለው ቤት፣ አርፎ የተጠለለ ግን ገና ትንሽ የደፈረሰ 20 ሊትር፦ 2 ሚሊ ሊትር

በንጹህ ማንኪያ አማስሉና 30 ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ አሽትቱት። ቀለል ያለ የክሎሪን ሽታ ካለው ደርሷል። ምንም ካልሸተተ ያንኑ መጠን አንድ ጊዜ ድገሙና ሌላ 30 ደቂቃ ጠብቁ። አሁንም ካልሸተተ በረኪናው ደክሟል ወይም ውሃው በጣም ቆሽሿል፤ ሦስተኛ አትጨምሩ፣ አፍሉት። ሽታው አፍንጫ የሚመታ ከሆነ ክዳኑን ገልጣችሁ ጥቂት ሰዓት አቆዩት።

ማፍላትም ክሎሪንም የማይቻልበት ቤት ፀሐይ አለለት። መለያው የተላጠ፣ ጭረት ያልበዛበት ግልጽ የሃይላንድ ኮዳ በጥርት ያለ ውሃ ሙሉና ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አጋድሙት። በፀሐያማ ቀን 6 ሰዓት፣ ሰማዩ ደመና ከያዘ 2 ሙሉ ቀን። ክረምቱን በዚህ አትተማመኑ።

ፍሪጅ ጀርም አይገድልም። ሎሚም እንዲሁ።

ደረጃ 7፦ አቀማመጥና አጠጣጥ

ኩባያ ወይም ጣሳ አትንከሩ። በቧንቧ ብቻ ይቀዳ። የቧንቧውን አፍ በየሳምንቱ በበረኪና ውሃ አጥቡት፤ ልጆች በእጃቸው የሚነኩት እሱን ነው። ዕቃው ከወለል ከፍ ብሎ፣ ከምድጃና ከፀሐይ ርቆ ይቀመጥ። የፈላ ውሃ መከላከያ ስለሌለው በ24 ሰዓት ውስጥ ጠጥታችሁ ጨርሱት።

ለጥርስ፣ ለሰላጣ፣ ለጁስና ለበረዶም ይኸው ውሃ ነው። ቲማቲም በጥሬ ውሃ አጥቦ የተጣራ ውሃ መጠጣት ትርፉ ድካም ነው።

ሕፃን ልጅ ተቅማጥ ከያዘው በዚሁ የታከመ ውሃ ኦአርኤስ በጥብጡ፤ ስንት ሊትር እንደሚያስፈልግ ፓኬቱ ላይ ተጽፏል። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንት ካቋረጠ ወይም ከደከመ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ።

ላብራቶሪ ስትሄዱ

ጉድጓድ ያለው ወይም ሁሉን አድርጎ ሕመም ያልቆመለት ቤት ያስመርምር። ጠርሙሱን ከላብራቶሪው ውሰዱ፤ የራሳችሁን የታጠበ ኮዳ ይዛችሁ አትሂዱ። የቧንቧውን አፍ በበረኪና ጥረጉ፣ ውሃውን 2 ደቂቃ አፍስሱ፣ የጠርሙሱን አፍ ሳትነኩ ሙሉ። በበረዶ ይዛችሁ በ6 ሰዓት ውስጥ አድርሱ። አንድ ናሙና ከቆጣሪው፣ አንድ ከሮቶው፣ አንድ ከመጠጫው ዕቃ ከወሰዳችሁ ችግሩ የት እንደገባ ይታያል። ምን እንዲመረመር ስትጠየቁ ኢ. ኮላይ (ውሃው በሰገራ መበከሉን የሚያሳይ ባክቴሪያ) በሉ፤ የስምጥ ሸለቆ ሰው ፍሎራይድ፣ የግቢ ጉድጓድ ያለው ናይትሬት ይጨምር።

ሻጭ ቤታችሁ መጥቶ ሁለት ብረት ውሃችሁ ውስጥ ነክሮ መብራት ሲለቅበትና ውሃው ቡናማ ሲሆን አትደንግጡ። የሚታየው የብረቱ ዝገት ነው። የእሱ ውሃ ያልጠቆረው ማዕድኑ ስለወጣለት ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ነው። ቲዲኤስ የሚያነብ እስክሪብቶ የሚመስል መለኪያም የሚናገረው የተሟሟውን ማዕድን መጠን ብቻ ነው። ታይፎይድ ያለበት ውሃ በዚያ መለኪያ ጥሩ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁት፦ መቀየሪያ ሻማው ወይም ካርትሬጁ የት ይገኛል፣ ዋጋውስ ስንት ነው? መልስ ከሌለው አትግዙ።